ከስምንት አታስበልጡ

ጦሳ ጉም ደርቦ፣ ከተማው ሲተኛ፣
ሌሊት ስምንት ሰዓት ደወለ ተረኛ።
«ይማም ነኝ፣ ከካርድ ክፍል። ሰርቨሩ ሞተ ዛሬም፣
ምጥ የያዛት ሴት አለች፣ ካርዷ አልተገኘም፤
ስሟን ብጽፍ ብጽፍ ክቡ ይሽከረከራል፣
ባሏ ጠረጴዛዬን በቡጢ ይመታል።»

ባጃጅ የለም በዚህ ሰዓት። ከቧንቧ ውሃ በእግር፣
ዳገቱን እየወጣሁ ከራሴ ጋር ስማከር፣
ጥፋቱ የኔ ነው፤ አውቄዋለሁ ገና፣
ሐሙስ የጻፍኳት ቁጥር፣ የእብሪት ቁጥር ናትና።

ሠላሳ ሁለት ጊጋ ነው የማሽኑ ትውስታ፤
ሃያ ስምንቱን ሰጠሁት፣ ለዳታቤዙ ስጦታ።
«ይፍጠን» አልኩ፣ «ይጥገብ» አልኩ፣ «ለአንድ ስም አይመላለስ፣
ሁሉን በጉያው ይያዝ፣ ጉያውን ብቻ ይዳብስ።»

ሦስት ቀን ሰራ። ተመረቅሁ። ሻይም ተጋበዝኩበት።
ሰኞ ገበያ ሲደርስ ገጠሩ ሁሉ መጣበት፤
ማር ሸጦ፣ ፍየል ሸጦ፣ በዚያው ሊታይ የመጣ፣
ከኩታበር፣ ከሐይቅ፣ ከሐረጎ የወጣ።
ለካ እያንዳንዱ ጠያቂ፣ ከዋናው ድርሻ ሌላ፣
የየራሱን ሰፌድ ይሻል፣ አበጥሮ ለይቶ ሊበላ።
ቀን ሁለቴ ወድቆ ተነሳ። ሌሊት ሪፖርት ሲጀመር፣
መቶ ጠያቂ፣ መቶ ሰፌድ፤ ማን ነበረ የሚቆጥር?
ሊኑክስም ሁሉን «እሺ» አለ፤ «የለኝም» ማለት አይችልም፣
የሰጠው ቃል ነው እንጂ፣ ሚሞሪ ገና አልሰጠም።
ላም አለኝ በሰማይ። ከዚያ ወተቱ ሲጠየቅ፣
ትልቁን በላተኛ ፈልጎ፣ አንገቱን ይዞ ማነቅ።
መዝገቡ ላይ አንድ መስመር፤ «ተገደለ» ይላል ብቻ፣
ሰዓትና ቁጥር ጽፎ፣ እንደ ፖሊስ መግለጫ።

ቁልፎቹ ላይ እጄ ቆሞ፣ ዘምዘም ይመር ታወሱኝ፤
ወረቀት ሳለ ዘመኑ፣ ካርድ ክፍል ሥራ ያስለመዱኝ።
ከኋላቸው ሰማንያ ሺህ ፋይል፣ ጣሪያ ድረስ የተጫነ፣
ጠረጴዛቸው ላይ መቶ ካርድ፤ አልፎ የማያውቅ፣ የተመጠነ።
«ለምን አይጨምሩም» አልኳቸው፣ «ጠረጴዛው ሰፊ አይደል?»
«ክርኔን የት ላሳርፍ ልጄ? የሚጽፍ እጅ የት ይዋል?»
«የትኛውን ነው የሚያስቀሩ?» «ትናንት የመጣ ነገም ይመጣል፤
የቆየው ወደ መደርደሪያው። የዚያ ባለቤት ይታገሣል።»

የጥንት ጥንቱ ደግሞ ኮምቦልቻ መጋዘን ነበር፣
በሐረጎ ጠመዝማዛ ሲወርድ ሲወጣ የሚያድር።
እኔ እንግዲህ ያደረግሁት፣ ሲጠብ ሲጠብ ጠረጴዛው፣
የዛሬን በሽተኛ ካርድ ኮምቦልቻ መስደዴ ነው።
ሴትዮዋ መስኮቱ ላይ ቆማ፣ ስሟ ግን ሐረጎ ላይ ነው።

ፋይሉን ከፈትኩ። ሃያ ስምንትን ሰረዝኩና «ስምንት» አልኩ፤
ለየሰፌዱ ጥቂት ሜጋ፣ በሩንም በመቶ ገደብኩ።
የቀረውን ለሊኑክስ ተውኩ። ለዓይን ቢመስልም ባዶ፣
እሱም ያነበበውን ፋይል ያሳድርበታል ወስዶ።
ክርን ማሳረፊያ ነው።

ማራገቢያው ጮኸ፣ ረገበ። ይማም ትንፋሹን ውጦ ቆመ።
ስሟን ጻፈ፣ ፊደል በፊደል፤ ክቡ አንዴ ዞሮ አከተመ።
«ከድጃ አራጋው። ሁለተኛ ልጅ። ደሟ ኦ ኔጋቲቭ ነው» አለ፤
አዋላጇ ሰምታ ሮጠች። የባልየው ቡጢ ዛለ።

ስምንት ልክ መሆኑን እንጃ።
ሰኞ ገበያ እናየዋለን።

ሊነጋ ሲል፣ ሳልወጣ፣ ፋይሉን ደግሜ ከፈትኩ፣
ከቁጥሩ በላይ፣ ማሽኑ የማያነበው መስመር ጨመርኩ፤
ለሚመጣው ባለሙያ፣ እንደኔ ለጋሥ ለሆነው፦
«ከስምንት አታስበልጡ። ክርን ማሳረፊያ ይኑረው።
ዘምዘም ይመር፣ ካርድ ክፍል።»
ኪቦርድ ነክተው አያውቁም።